ጎተራው ሲሞላ፦ ስለ ኮምፒዩተር መጠባበቂያ ቅጂና ስለ ውጫዊ ዲስክ ቦታ አያያዝ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ቀርቤ እንድናገር የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ጋበዘኝ በቅድሚያ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ብዙዎቻችሁ ከእኔ የምትጠብቁት ምናልባት ስለ መዛግብት አመዳደብ ወይም ስለ መጻሕፍት ዝርዝር አዘገጃጀት አንድ ሰፊ ጥናት እንዳቀርብ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል፣ ከአንድ ጠረጴዛ ጥግ የማያልፍ ጉዳይ ነው። ይኸውም ከኮምፒዩተራችን ጋር በገመድ ተያይዞ፣ አቧራ ለብሶ፣ ማንም ሳያስታውሰው ሌት ተቀን የሚሠራው ያ ትንሽ ሣጥን፣ በየቢሮአችን «ኤክስተርናል» እያልን የምንጠራው ውጫዊ ዲስክ ነው። በዚህ ዲስክ ላይ ኮምፒዩተሩ ራሱ በየጊዜው የሚያወጣውን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ወይም በተለመደው አጠራር ባክአፑን፣ እንዴት አድርገን ብንይዘውና ቦታውንም እንዴት አድርገን ብንመድበው እንደሚበጅ ጥቂት ልናገር አስቤአለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ይህን ርእስ የመረጥሁት ጸጸት ስላለብኝ ነው። ስለዚህ ከጸጸቱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአረጋውያንን ቃል በመቅረጸ ድምፅ እየቀዳን ወደ ጽሑፍ የምንመልስ አራት ሰዎች ነበርን። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። በጽሑፍ የተመለሱት 41 ቃለ መጠይቆች በአንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ለኮምፒዩተሩም 1 ቴራባይት የሚይዝ ውጫዊ ዲስክ ገዝተን፣ በየሰዓቱ በራሱ ቅጂ እንዲያወጣ አድርገን ከሰካነው በኋላ፣ «ከእንግዲህ ወዲህ ሐሳብ የለብንም» ብለን ወደየሥራችን ተመለስን። አንድ ቀን ፎልደሮችን ሳስተካክል ያን ፎልደር ከማይፈለጉት ጋር ደባልቄ ሰረዝሁት። መሰረዜንም አላወቅሁም። ሥራችን ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሻግሮ ስለ ነበረ ለ14 ወራት ያህል ፎልደሩን የፈለገ ሰው አልነበረም። በዚህ መካከል አንድ የሥራ ባልደረባዬ 400 ጊጋባይት ያህል የሚሆን የቪዲዮ ቅጂ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ አስቀመጠ። የቅጂው ፕሮግራምም እንደ ታዘዘው ያን ሁሉ ቪዲዮ ወደ ውጫዊው ዲስክ ገለበጠ፤ ቦታ ሲጠበውም፣ አሁንም እንደ ታዘዘው፣ ከሁሉ የቈየውን ቅጂ እየሰረዘ ለአዲሱ ቦታ አበጀ።

ከ41ዱ ተናጋሪዎች መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የተጻፈውን ባነበብንላቸው ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኛ ጋር ተቀምጠው የሰዎቹንና የቦታዎቹን ስም አንድ በአንድ እያረሙ፣ «ይህ እንዲህ አይባልም፤ እንዲህ በሉት» እያሉ ብዙ ነገር አስጨምረውን ነበር። እርማቱን ስንጽፍ መቅረጸ ድምፁ አልተከፈተም። ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ልጃቸው መጥቶ፣ «አባቴ ያጻፉትን እንድወስድ ፍቀዱልኝ» አለን። የጠፋው ነገር የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ውጫዊውን ዲስክ ስንከፍት ከሁሉ የቈየው ቅጂ የ4 ወር ዕድሜ ብቻ ነበረው፤ በእርሱም ውስጥ ፎልደሩ አልነበረም። የድምፁ ቅጂ በሌላ ቦታ ተቀምጦ ስለ ነበረ ጽሑፎቹን እንደገና አዳምጠን ለመመለስ ቻልን፤ ሰባት ወር ፈጀብን። የሽማግሌው ድምፅ እነሆ ዛሬም አለ። እርማታቸው ግን የለም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተሰበረ ዲስክ የለም፤ ቫይረስ የለም፤ መብራትም አልጠፋም። መሣሪያው ሁሉ የታዘዘውን በሚገባ ሠርቷል። የጐደለው፣ ዲስኩ በሞላ ጊዜ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ነው።

ቅጂና ጥበቃ

ጽሑፍን በቅጂ መጠበቅ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የብራና መጻሕፍቶቻችን ለዚህ ዘመን የደረሱት ጸሐፍት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየገለበጡ ስላስተላለፉልን ነው። በቅርብ ዘመንም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ለእኛ ሙያ ትልቅ ምሳሌ ነው። በዚህ ሥራ ከየገዳማቱና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ወደ 9000 የሚጠጉ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው በአሜሪካ፣ በሚነሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዓመታት በዚያ ሆነው ዝርዝራቸውን እንዳዘጋጁ የምታውቁት ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ቅጂው ከዋናው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይሆን ነው። ሁለተኛው፣ ቅጂው ዋናው ሲለወጥ አብሮ የማይለወጥ መሆኑ ነው። አንድ ገዳም መጽሐፉን ቢያጣ በኮሌጅቪል ያለው ፊልም አብሮ አይጠፋም። ዛሬ ብዙዎቻችን በኢንተርኔት አማካይነት ፋይሎቻችንን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ስለምናመሳስል ቅጂ ያለን ይመስለናል። ነገር ግን ማመሳሰል ማለት እዚህ የተሰረዘው እዚያም እንዲሰረዝ፣ እዚህ የተበላሸው እዚያም እንዲበላሽ ማድረግ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ የሚባለው ወደ ኋላ ሊመለሱበት የሚቻል፣ ያለፈውን ጊዜ መልክ እንደ ነበረ የያዘ ቅጂ ነው። እንግዲህ ያለፈውን ጊዜ መያዝ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ስለ ዲስክ ስፋት

እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ራማክ በሚል ስም ባወጣው ኮምፒዩተር ውስጥ የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ የዲስክ ማከማቻ ነበረ። 50 ዲስኮች ተደራርበውበት፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ ሆኖ፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ነበር። ዛሬ በኮት ኪስ የሚገባው ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ በግምት የዚያን 200000 እጥፍ ይይዛል። ይሁን እንጂ የቦታ ጥበት አልቀረልንም። ጎተራው ሲሰፋ እህሉም በዝቷል፤ የወረቀት ፎቶግራፋችን ሁሉ ወደ ዲስክ ገብቷል፤ አንዲት ሰነድ በስካነር ስናነሣ የሚወጣው ፋይል፣ ያንኑ ጽሑፍ በፊደል ብንተይበው ከሚይዘው በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል።

በዚህ ላይ ከመግዛታችን በፊት ማወቅ ያለብን አንድ ትንሽ የሒሳብ ነገር አለ። የዲስክ ሠሪዎች 1 ቴራባይት ሲሉ 1000000000000 ባይት ማለታቸው ነው። ዊንዶውስ ግን በ1024 እያባዛ ስለሚቈጥር ያንኑ ዲስክ 931 ጊጋባይት ብሎ ያሳየናል። የተሰረቀ ነገር የለም፤ ልዩነቱ የመስፈሪያው ነው። ቢሆንም ቦታ የሚመድብ ሰው በየትኛው መስፈሪያ እንደሚሰፍር ማወቅ ይገባዋል።

ፕሮግራሞቹ ቦታውን እንዴት ይከፋፍሉታል?

በማግኔት ቴፕ ዘመን የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኞች የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ሥርዐት ነበረ። ስሙም አያት፣ አባትና ልጅ ይባላል። በየቀኑ የሚወጣው ቅጂ ልጅ፣ በየሳምንቱ የሚወጣው አባት፣ በየወሩ የሚወጣው አያት ነው። የልጆቹ ቴፖች በሳምንቱ ተመልሰው ይጻፍባቸዋል፤ የአባቶቹ በወሩ፤ አያቶቹ ግን ለረጅም ጊዜ በሌላ ቦታ ይቀመጣሉ። የዚህ ሥርዐት ጥበብ ቅርቡን ጊዜ በዝርዝር፣ ሩቁን ጊዜ በጥቅሉ ማስታወስ ነው። የሰውም ትዝታ እንዲሁ አይደለምን? ዛሬ ጧት የሆነውን በሰዓት እናስታውሳለን፤ የዛሬ ዐሥር ዓመት የሆነውን ግን በዓመቱ ብቻ።

የዛሬዎቹ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ይህንኑ ሥርዐት በአንድ ዲስክ ላይ ያካሂዱታል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ታይም ማሽን ላለፉት 24 ሰዓታት የየሰዓቱን፣ ላለፈው አንድ ወር የየቀኑን፣ ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ ደግሞ የየሳምንቱን ቅጂ ይይዛል። በእያንዳንዱ ጊዜ ኮምፒዩተሩን በሙሉ አይገለብጥም፤ የተለወጠውን ብቻ ይገለብጥና ያልተለወጠውን ቀድሞ ከተገለበጠው ጋር ያገናኘዋል። ዲስኩ ሲሞላ ከሁሉ የቈየውን ቅጂ ይሰርዛል። በእኛ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ልጅ ቦታ ሲያጣ የተሠዋው አያት ነበረ።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ያወጣው ፋይል ሂስትሪ ደግሞ በተለመደው አቀማመጡ በየሰዓቱ የተለወጡትን ፋይሎች ይገለብጣል፤ የተገለበጠውንም፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ለዘለዓለም ይዞ ለማቈየት ይሞክራል። ባለቤቱ ግን ከፈለገ «እስከዚህ ወር ድረስ ብቻ» ወይም «ቦታ እስኪያስፈልግ ድረስ» ብሎ ሊያዝዘው ይችላል። ይህ ፕሮግራም የሚጠብቀው በተጠቃሚው ስም የተመደቡትን ፎልደሮች፣ እንደ ዶክዩመንትና እንደ ዴስክቶፕ ያሉትን፣ ስለ ሆነ፣ ከእነዚያ ውጭ ያስቀመጥነውን ነገር ካልጨመርንለት በቀር አያየውም።

በሁለቱ መካከል ያለውን የጠባይ ልዩነት አስተውሉ። አንዱ ጎተራው ሲሞላ አሮጌውን እህል አውጥቶ ይጥልና አዲሱን ያስገባል። ሌላው በልማዱ ከተተወ ጎተራው ሲሞላ አዲሱን አላስገባም ብሎ ይቆማል። በአንደኛው ያለፈውን እናጣለን፤ በሁለተኛው የዛሬውን እናጣለን። የትኛውን ለማጣት እንደምንፈቅድ መወሰን የፕሮግራሙ ሥራ ሳይሆን የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው።

አንድ የሒሳብ ምሳሌ

ነገሩ በሒሳብ ይበልጥ ይገለጣልና አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጻሕፍቱን ዝርዝር የያዘ 2 ጊጋባይት የሚሆን አንድ ፋይል አለ እንበል። ሠራተኛው በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ይሠራበታል፤ በየሰዓቱም ቢያንስ አንድ መስመር ይጨምርበታል። ፕሮግራሙ ፋይሉ በተነካ ቍጥር ሙሉውን የሚገለብጥ ቢሆንና አንዱንም ቅጂ ባይሰርዝ፣ በቀን 16 ጊጋባይት፣ በወር 352 ጊጋባይት፣ በዓመት 4224 ጊጋባይት ይፈጃል። ለአንዲት ባለ 2 ጊጋባይት ፋይል ከ4 ቴራባይት በላይ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የአያት፣ የአባትና የልጅን ሥርዐት እንከተል። ያለፈው ቀን 8 ቅጂዎች 16 ጊጋባይት፣ ያለፈው ወር 22 ቅጂዎች 44 ጊጋባይት፣ የቀሩት 48 ሳምንታት 48 ቅጂዎች 96 ጊጋባይት ይሆናሉ። ድምሩ 156 ጊጋባይት ነው። ከ4224 ወደ 156 ወርደናል፤ የጠፋውም የሰዓት ዝርዝር እንጂ የዓመቱ ታሪክ አይደለም። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ከአንድ ፋይል ውስጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ መርጠው ሊገለብጡ ስለሚችሉ ቍጥሩ ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ይህም ሆኖ ከምሳሌው የምንማረው ትምህርት አይለወጥም፤ የዲስክን ቦታ የሚበላው ያለን የፋይል ብዛት ብቻ አይደለም፤ የሚለወጠው ፋይል ትልቅነትና የሚለወጥበት ጊዜ ብዛት ጭምር ነው። ለ10 ዓመት ያልተነካ 100 ጊጋባይት ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል። በየሰዓቱ የሚነካው ትንሹ ፋይል ግን ሳያስቡት ጎተራውን ይሞላዋል።

ምን እናድርግ?

ከዚህ በላይ ካልሁት ተነሥቼ በየመሥሪያ ቤታችን ሊፈጸሙ ይችላሉ የምላቸውን ነገሮች በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ የዲስኩ ስፋት አስቀድሞ ይታሰብበት። አፕል የሚመክረው ውጫዊው ዲስክ ቢያንስ ከኮምፒዩተሩ ዲስክ ሁለት እጥፍ እንዲሰፋ ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው እንጂ የሚያኰራ አይደለም፤ በየቀኑ ትልልቅ ፋይል የሚለወጥበት ቢሮ ሦስት እጥፍ ቢያደርገው አይጸጸትም።

ሁለተኛ፣ የማይጠበቀው ነገር ከሚጠበቀው ይለይ። በኢንተርኔት ተመልሶ ሊወርድ የሚችል ፕሮግራም፣ ለጊዜው የወረደ ፊልም፣ ሥራው ያለቀ ጊዜያዊ ፋይል በየሰዓቱ መገልበጥ የለበትም። ሁለቱም ፕሮግራሞች እገሌ የሚባለው ፎልደር ይቅር ብሎ ለማዘዝ የሚያስችል ቦታ አላቸው። ያ 400 ጊጋባይት ቪዲዮ ለብቻው በሌላ ዲስክ ላይ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ፣ ከአውቶማቲኩ ቅጂ ውጭ እንዲሆን ቢደረግ ኖሮ፣ እኔ ዛሬ የምናገረው ታሪክ ባልኖረ ነበር።

ሦስተኛ፣ የመጠባበቂያው ዲስክ ለመጠባበቂያ ብቻ ይዋል። ቦታ አለው ብለን የሠርግ ፎቶግራፍና የግል ሙዚቃ የምንጭንበት ከሆነ፣ የጫንነው ነገር ራሱ ሌላ ቅጂ የሌለው ብቸኛ ሆኖ ይቀራል፤ ቅጂዎቹንም ቦታ ያሳጣቸዋል። ዲስኩን ለሁለት ጉዳይ ማዋል ግድ ከሆነ አስቀድሞ ለሁለት ይከፈል፤ ያን ጊዜ አንዱ የሌላውን ድርሻ አይበላም። ቀድሞ በሥራ ላይ የነበረ ዲስክም ለዚህ አገልግሎት ሲመደብ ፕሮግራሙ ዲስኩን አጥፍቶ እንደገና ለማዘጋጀት ሊጠይቅ ስለሚችል፣ «እሺ» ከማለታችን በፊት በውስጡ ያለውን እንመርምር።

አራተኛ፣ ቦታ ሲጠብ በእጅ ገብተን ፎልደር አንሰርዝ። ቅጂዎቹ ያልተለወጠውን ፋይል በጋራ ስለሚይዙ፣ የአንድ ቀን ቅጂ ብንሰርዝ የሚለቀቀው ቦታ ለዚያ ቀን ብቻ የነበረው ነው፤ ያም ከጠበቅነው እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ያለ ሥርዐት የተነካ ቅጂ መልሶ ሲፈለግ እንቢ ሊል ይችላል። መሰረዝ ካስፈለገ በፕሮግራሙ በራሱ በኩል ይሁን።

አምስተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂና ቋሚ መዝገብ አይደባለቁ። ይህ ለእኛ ሙያ ዋናው ነጥብ ይመስለኛል። መጠባበቂያ ቅጂ የሚለዋወጥ ሥራን የሚከተል ዘበኛ ነው፤ በባሕርዩ አሮጌውን እየጣለ አዲሱን ይይዛል። ያለቀለት፣ የማይለወጥ፣ ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ ግን ከዚህ ዘበኛ እጅ ወጥቶ፣ ማንም በማይሰርዘው በሌላ ዲስክ ላይ፣ ቀኑና ይዘቱ በላዩ ላይ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። 41ዱ ቃለ መጠይቆች ያለቀለት ሥራ ነበሩ። በተጠናቀቁበት ዕለት ለብቻቸው መቀመጥ ሲገባቸው፣ እኔ ዘበኛውን እንደ ግምጃ ቤት ቈጠርሁት።

ስድስተኛ፣ ዲስኩ አንድ ብቻ አይሁን። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። ፒተር ክሮግ የተባለው አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው፣ በሙያው የታወቀ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዐይነት ማከማቻ ላይ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን ይላል። አቅማችን ቢያንስ እንኳ ሁለት ውጫዊ ዲስኮች ገዝተን በየሳምንቱ ብናፈራርቃቸው፣ አንደኛው ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲሆን ሁለተኛው በሌላ ሕንፃ ተቈልፎ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ለእሳትና ለሌባ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ያጠቃው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ፣ ፋይሎችን በምስጢር ፊደል ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ ያገኘውንም ዲስክ አይምርም ነበር። ያን ቀን የዳነው የተነቀለው ዲስክ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። ታይም ማሽን ውጫዊው ዲስክ ባልተያያዘ ጊዜ እስከ 24 ሰዓት ድረስ የሚቈይ ጊዜያዊ ቅጂ በኮምፒዩተሩ በራሱ ዲስክ ላይ ይይዛል። ይህ በስሕተት የተሰረዘውን ለመመለስ ይረዳል፤ ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ ወይም ዲስኩ ቢሞት ግን አብሮ የሚሄድ ስለ ሆነ መመኪያ አይሆንም።

ሰባተኛ፣ ዲስኩ በሥርዐት ይነቀል። እየጻፈ ሳለ ገመዱ ቢመዘዝ ወይም መብራት ቢጠፋ የጽሑፉ ሥርዐት ሊዛባ ይችላል። ከኮምፒዩተሩ ፈቃድ አግኝቶ መንቀል፣ ለቢሮውም መብራት ሲጠፋ ጥቂት ደቂቃ የሚያቈይ ዩፒኤስ ማበጀት ከሚያስከትለው ኪሳራ አንጻር ሲታይ ርካሽ ነው።

ስምንተኛና የመጨረሻው፣ ቅጂው ይፈተን። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ አንድ መሐንዲስ ብልሽት ለመጠገን ሲጥር ዋናውን የመረጃ ቋት በስሕተት ሰረዘው። ኩባንያው ቅጂ የሚያወጣባቸው ልዩ ልዩ መንገዶች ነበሩት። ዋናው አውቶማቲክ ቅጂ ግን በፕሮግራሞች ዕትም አለመስማማት ምክንያት መሥራት ያቆመ ሆኖ ተገኘ፤ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤም ለሠራተኞቹ አልደረሰም ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ አንድ ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ሥራ ቀረ። ኩባንያው ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለሕዝብ ስለ ገለጸ ሁላችንም ተምረንበታል። እንዲህ ያለ ባለሙያ የሞላበት ድርጅት ከተሳሳተ እኛም ልንሳሳት እንችላለን። ስለዚህ በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ተቀምጦ ከቅጂው ውስጥ አንድ ፋይል መርጦ ያውጣ፤ ከፍቶም ያንብበው። በዚያው ቀን የቀረውን ባዶ ቦታና ከሁሉ የቈየውን ቅጂ ቀን በአንድ ደብተር ላይ ይጻፍ። እኔ ይህን ደብተር ይዤ ቢሆን ኖሮ፣ የቈየው ቅጂ ቀን በድንገት ወደ ፊት ሲዘል በዐይኔ ባየሁት ነበር።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤

አውቶማቲክ የሚለው ቃል ያሞኛል። መሣሪያው በራሱ ይሠራል ሲባል እኛ አሳቢነታችንን የምንተውበት ፈቃድ ያገኘን ይመስለናል። እርግጥ ነው፣ መሣሪያው መገልበጡን አይረሳም፤ በዚህ ከእኛ ይሻላል። ነገር ግን ከሚገለብጠው ውስጥ የትኛው የበዓል ቪዲዮ፣ የትኛው የአንድ ሽማግሌ የመጨረሻ ቃል እንደ ሆነ አያውቅም። ሁለቱንም በጊጋባይት ብቻ ይመዝናቸዋል፤ በዚያ ሚዛን ደግሞ የሽማግሌው ቃል ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ክብደት ነበረው። የትኛው ቀድሞ መጣል፣ የትኛው ፈጽሞ መጣል እንደሌለበት መለየት ከጥንት ጀምሮ የቤተ መጻሕፍትና የመዛግብት ሰው ሙያ ነው። ዲስክ በመምጣቱ ይህ ሙያ ከእጃችን አልወጣም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤታችን ይህን ሥራ በስሙ የሚጠየቅበት አንድ ሰው እንዲመደብ፣ ደብተሩም እንዲከፈት፣ ማኅበራችን ለአባላቱ በአንድ ገጽ የተጻፈ መመሪያ አዘጋጅቶ እንዲያድል ለጉባኤው አሳስባለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ የምንጮኸው ጅቡ ሳይመጣ ይሁን።

ያ የሽማግሌው ልጅ በዚያ ቀን አልተቈጣኝም። የአባቱን ድምፅ በፍላሽ ገልብጬ ስሰጠው አመስግኖ ተቀበለኝ፤ በር ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ፣ «የአያቴን ስም እንኳ በትክክል ጽፋችሁት ነበር ብለውኝ ነበር» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ወደየቢሮአችሁ ስትመለሱ ከጠረጴዛው ጥግ ያለውን ዲስክ ከፍታችሁ የመጀመሪያውን ቅጂ ቀን ብትመለከቱልኝ፣ ለእርሱ ያልሰጠሁትን መልስ በከፊል እንደ ሰጣችሁልኝ እቈጥረዋለሁ።